ለንባብ ክፍሎቻችን ባለቤት ይሰየምላቸው፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበረው የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን የሚያቅድና ቋሚ ገንዘብ የሚይዝ የከተማ ኮሚሽን በአዋጅ እንዲቋቋም መጠየቅን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤቱ አባላት፣

ከፋሲካ በኋላ በሰፈራችን የንባብ ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት ስለሚፈለግ ከዛሬ ጀምሮ ዝግ ነው» ይላል። ማኅተም አለው፤ ምክንያት የለውም። ብዙም ሳይቆይ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ወጡ። አሁን ክፍሉ ውስጥ የቢሮ ጠረጴዛዎች ገብተዋል።

ይህን የምንጽፈው በዚያ ክፍል እንጠቀም የነበርን ተማሪዎች፣ ወላጆችና ጡረተኞች ነን። የምንኖረው ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው ሰፈር ነው። ወረዳውን በቁጥር አንጠራም። አንድ ኃላፊ ለማሳጣት አይደለም የተነሣነው። ኃላፊው ነገ ቢነሣ የሚተካውም ያንኑ ማድረግ ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። ወደ እናንተ የመጣነው ለዚህ ነው።

ክፍሉን ላላየ ሰው እንንገር። ከድሮው ቀበሌ የተረፈ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ሁለት ረዣዥም ጠረጴዛዎች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ቁልፍ ያለው ባለ መስታወት ቁምሳጥን። ዝናብ ሲጥል ከጣሪያው ጩኸት የተነሣ መነጋገር አይቻልም፤ ደግነቱ እዚያ ሊነጋገር የሚመጣ የለም። እንግዳ ሲመጣ ማንም ወስዶ አያስጎበኘውም። ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ወንበር አይገኝም ነበር። ልጆቹ ቀድሞ በሚደርስ ጓደኛቸው በኩል ደብተር እየላኩ ቦታ ያስይዙ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሻሙበታል ብትሉ፣ ቤት ውስጥ ቦታ ስለሌለ ነው። መሀል ከተማ ያለው የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዱ ክፍል ሳሎንም መኝታም ነው። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ታናናሾች ይጫወታሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል። ጥፋት አይደለም፤ ኑሮ ነው። አልጀብራ ግን በዚህ መሀል አይሠራም።

ከተጠቃሚዎቹ አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሉ ከተዘጋ ጀምሮ ማታ ማታ የምታጠናው በኮሪደር ልማቱ የተተከለ መብራት ሥር፣ የእግረኛ ማረፊያ ወንበር ላይ ነው። መብራቱ ጥሩ ነው። ጠረጴዛ ግን የለም፤ ሒሳቡን ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነው የምትሠራው። ነፋሱ ገጹን እንዳይገልጠው በስልኳ ትይዘዋለች። እናቷ ቢመሽም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ ብቻዋን መተው አይሆንላቸውማ። ዝናብ ሲመጣ ሁለቱም ተያይዘው ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ይሮጣሉ። ኮሪደሩ ለእግረኛ የተሠራ ነው፤ እሰየው። ለማጥኛ ግን አልተሠራም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት እያንዳንዱን ቤት ያስደነገጠ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ተማሪ የወደቀው ላይብረሪ ስለሌለ ብቻ ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ልጅን «አጥና» ካሉት በኋላ የት ሆኖ እንደሚያጠና አለመጠየቅ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው፣ ክፍሉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይዘጋል ሲባል ለአቤቱታ ሄድን። ቤቱን የሚያስተዳድረው አንድ ቢሮ ነው። ሠራተኛዋን የቀጠረው ሌላ። መጻሕፍቱን ያስገባው ሦስተኛ። አንዱ ጋ ስንሄድ ወደ ሌላው ይመራናል፤ ሌላው «ደብዳቤ አጽፉና ኑ» ይለናል። ደብዳቤ ይዘን ስንመለስ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እዚህ ግን የሚናቅ ባለቤትም አልተገኘም። ክፍሉ የኖረው አንድ ደግ ኃላፊ ስለፈቀደለት ነው። የተዘጋውም ሌላ ኃላፊ ቦታ ስለጠበበው ነው።

ሁለተኛው የመጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ሰው በሙያዬ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለነበርኩ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። የመንግሥት ንብረት ክፍል ዕቃ ሲቀበል በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ ሲያወጣ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። በሞዴል 19 ያልገባ ዕቃ በመንግሥት ዓይን የለም። በክፍላችን ከነበሩት መጻሕፍት የሚበዙት የሰፈር ሰው የለገሳቸው ነበሩ። ሟች አባቱ የተዉትን መጻሕፍት በካርቶን ያመጣ አለ። ከውጭ ሲመጣ የልጆች ተረት በሻንጣ የያዘ አለ። እነዚህ አንዳቸውም ገቢ አልሆኑም። ስለዚህ መጋዘን ገብተው ቢጠፉ አንድም ሰው አይጠየቅም፤ ያልነበረ ነገር ጠፋ አይባልማ።

ገቢ የሆኑት ደግሞ በተቃራኒው ተሠቃዩ። አንድ ልብ ወለድ በሠራተኛዋ ስም እንደ ቋሚ ዕቃ ይመዘገባል። ከጠፋ ከደመወዟ ይቆረጣል። ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እሷ ምን ታድርግ? ቁምሳጥኑን ትቆልፋለች። መጽሐፍ የሚሰጠው መታወቂያ ተይዞ፣ እዚያው ተነቦ እንዲመለስ ነው። ውሰት ብሎ ነገር የለም። ቤት ይዞ ሄዶ ለእናቱ ማንበብ የሚፈልግ ልጅ አይችልም። በሙያው ወግ ከሆነ በየዓመቱ የተወሰነ መጽሐፍ መጥፋቱና ማርጀቱ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ተቆጥሮ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ይተካል። እኛ ዘንድ ግን መጽሐፍ ካለቀለት ጥፋተኛ ይፈለጋል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚመኘው አንድ ነገር ነው፦ ማንም እንዳይነካቸው።

የተጫኑት መጻሕፍት አሁን ያሉት አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከማይሠራ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር ነው። በመስኮቱ አሾልቀን አይተናል። ከረጢቶቹ የተደረደሩት መሬት ላይ ነው። ክረምት እየመጣ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ክፍሉ እንደ ማንኛውም ቢሮ ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፣ ለምሳ ይዘጋል፣ 11፡30 ይዘጋል። ቅዳሜና እሑድ የለም። ይህ ማለት ተማሪ ትምህርት ቤት ሲሆን ክፍት ነው፤ ተማሪ ሲመጣ ሊዘጋ ነው። ሠራተኛዋ በራሷ ፈቃድ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የምታመሽበት ጊዜ ነበር። ትርፍ ሰዓት የከፈላት የለም። አሁን መዝገብ ቤት ተመድባለች።

አራተኛው ግዥ ነው። ለንባብ ክፍሉ የራሱ የበጀት ርዕስ ኖሮት አያውቅም። ሰኔ ሲደርስ ከሌላ የተረፈ ትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ በጀቱ እንዳይመለስ በጥድፊያ ይገዛል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብና መጽሐፍ እንደ ሳሙና በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛል። አቅራቢው ያልተሸጠለትን ያራግፋል። አንድ ጊዜ የደረሰን የአንድ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ ነበር፤ ያውም የተተወ እትም። ለሕፃናት በአማርኛ የተጻፈ ግን አንድም አልነበረበትም። የ7 ዓመት ልጅ መጥቶ «ለኔ ምን አለ?» ሲል የምንሰጠው ጋዜጣ ነው።

ስለ ደረጃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጭራሽ መግባት ስለማይችልበት በር ብዙ ማለት ይቻላል። ለብቻው እናቀርባለን።

«አብርሆት አለላችሁ አይደል?» የሚለን ሰው አይጠፋም። አለ። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች መሀል ነን። 1.4 ሚሊዮን መጻሕፍት እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ትልቅ ቤት ነው፤ ፈተና ሲቃረብ ልጆቻችንም ይሄዳሉ። ግን ትልቅ ሆስፒታል ተሠራ ተብሎ ጤና ጣቢያ አይዘጋም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከጌጃ ሰፈር ወይም ከአውቶቡስ ተራ ብቻውን ተነሥቶ አራት ኪሎ አይመጣም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገር ቅርስ የሚጠብቅ ተቋም ነው። ሥራው ግን መጠበቅ ነው። ለሰፈር ልጅ ተረት ማዋስ የእሱ ድርሻ አይደለም። የሰፈሩ ድርሻ የማን ነው? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ሌላው የሚነሣው ስልክ ነው። «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» ይባላል። እውነት ነው፣ የመማሪያ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይላካል። ግን በብዙ ቤት ያለው ደህና ስልክ የእናት ወይም የአባት ነው። ማታ ቻርጅ ላይ ነው፣ ወይም ታናሹ ቲክቶክ እያየበት ነው። ሦስት ልጅ በአንድ ስልክ ሦስት መጽሐፍ አያነብም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል የቆጠረው ሰው መልሶ እንዳይረሳው በየቦታው የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። ዘመቻው ሲያልፍ ክፍሎቹ ተረሱ። በ1995 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ሲመለሱ ሾላ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ልጅ በልጅ ላይ ይጎርፍ ነበር። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የከተማ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መውደቁ እኛን ያሳፍራል።

የሌላው አገርም ያስተምራል። (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዝ በ1850 ከተሞች ከንብረት ግብር ከእያንዳንዱ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ እየሰበሰቡ ቤተ መጻሕፍት እንዲያቋቁሙ ፈቀደች። ቀልዱ ምን መሰላችሁ፣ በገንዘቡ ሕንፃ መሥራትና ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል፤ መጽሐፍ መግዛት ግን አይቻልም ነበር። መጽሐፉን ሰው ይለግሳል ተብሎ ነው። በ1855 ሕጉ ተሻሽሎ መጠኑ አንድ ፔኒ ሆነ፣ መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ። በአፍሪካ ደግሞ ጋና ገና ጎልድ ኮስት ስትባል፣ በ1950 የቤተ መጻሕፍት ቦርዷ ሥራ ጀመረ። ታንዛንያም ገና ታንጋኒካ ስትባል በ1963፣ ኬንያ በ1965 በሕግ አቋቋሙ። ናይሮቢ የከተማዋ ቅርንጫፎች ሲያረጁባት ኬንያውያን ካቋቋሙት ድርጅት ጋር ተዋውላ የካሎሌኒንና የማካዳራን አሳድሳለች። ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1994 ባወጡትና በ2022 ባደሱት መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለተጠቃሚው በመሠረቱ ነፃ እንዲሆን፣ በሕግ እንዲደገፍና ወጪውም በአገርና በአካባቢ መንግሥት እንዲሸፈን ይላሉ። እነዚህ ሁሉ የተሳካላቸው ናቸው አንልም። ኬንያም ጋናም የመጽሐፍ እጥረት አለ። ልዩነቱ፣ እዚያ ያለ አንባቢ ሲቸገር ደብዳቤውን ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል።

የምንጠይቀው ኮሚሽን ትንሽ ነው። ሕንፃ፣ መኪና፣ የኃላፊ ሶፋ አንፈልግም። «ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊጨመር ነው?» የሚል ሰው እውነት አለው፤ እኛም ሰልችቶናል። ስለዚህ አባላቱ ያለ ደመወዝ ይሰብሰቡ። ጥቂት የምክር ቤት ተወካዮች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ መምህር፣ ከደራስያንና ከአሳታሚዎች ወገን፣ ከአካል ጉዳተኞች ወገን፣ ከአንባቢዎችም ቢያንስ አንድ ተማሪ ይኑርበት። ተማሪው ለፎቶ አይቀመጥ፤ ድምፅ ይኑረው። ሥራው ሁለት ነው፦ ማቀድና ገንዘቡን መያዝ። የት ሰፈር ንባብ ክፍል አለ፣ የት የለም፣ የቱ ይታደስ፣ የቱ አዲስ ይከፈት ብሎ በየዓመቱ ዕቅድ ያቀርባል። ዕቅዱ ሐምሌ 1 በጀት ሲጀመር ሳይሆን በጀቱ ሲረቀቅ ይደርሳል።

ስለ ገንዘቡ። የቤት ባለቤቶች በየዓመቱ የጣራና ግድግዳ ግብር ይከፍላሉ። ብዙዎቻችን እንማረርበታለን። ከዚያ ግብር ከእያንዳንዱ ብር አንድ ሳንቲም ለንባብ ክፍሎች ይታሰር። የሚከፍለው ሰው ቢያንስ ያቺ ሳንቲም የት እንደገባች በሰፈሩ በዓይኑ ያያታል። ለጋሽ ይፈለግ የሚል ሐሳብ እንዳይነሣ እንሰጋለን። ለጋሽ ይምጣ፣ በደስታ። ግን መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ በልግስና አይኖርም። ከተማ አስተዳደሩ የተቋቋመበት ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ለምክር ቤታችሁ አዋጅ የማውጣት ሥልጣን ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄያችን ከእናንተ አቅም በላይ አይደለም።

ባጭሩ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ምክር ቤቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮሚሽን የሚያቋቁም ረቂቅ አዋጅ እንዲዘጋጅ ይምራልን፤ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ።

ከመሀል ከተማ፣ ማለትም ከአራዳ፣ ከቂርቆስ፣ ከልደታና ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች በመጀመር ያሉት፣ የተዘጉትና ለሌላ ሥራ የዋሉት የንባብ ክፍሎች ተቆጥረው ዝርዝራቸው ይፋ ይሁን። በኮሪደር ልማቱ የፈረሱም ካሉ ምትካቸው የት እንደሆነ ይነገረን።

ኮሚሽኑ እስኪቋቋም ድረስ ማንኛውም የንባብ ክፍል ምትክ ቦታ ሳይዘጋጅለትና ተጠቃሚው ሳይጠየቅ እንዳይዘጋ መመሪያ ይተላለፍ።

የንባብ ክፍል መጻሕፍት ከቋሚ ዕቃ አመዘጋገብ ወጥተው የራሳቸው ደንብ ይኑራቸው። ሠራተኛ በጠፋ መጽሐፍ ከደመወዙ አይቆረጥበት። ሕዝብ የለገሰው መጽሐፍም ይመዝገብ።

የሥራ ሰዓቱ ለአንባቢ እንዲመች ይለወጥ። ከሰዓት በኋላ ተከፍቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይቆይ፤ ቅዳሜም ይኑር። ጠዋት ቢዘጋ ግድ የለንም።

የእኛን ክፍል በሚመለከት፣ ቦታው እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ይህ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይቅደም፦ ዕቃ ቤት መሬት ላይ ያሉት መጻሕፍት ከሰኔ ዝናብ በፊት ደረቅ ቦታ ይዛወሩ። ከረጢት የሚሸከም ሰው ከእኛ ወገን አለ። የመኪና ኪራዩንም አዋጥተን እንችላለን። የሚያስፈልገን የዕቃ ቤቱ ቁልፍና አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ነው።

ከአክብሮት ጋር

የንባብ ክፍሉ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
በጡረታ ላይ ያለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ